«የማይዝግ ፌሮ»፤ በአንድ ረቂቅ የስያሜ ዝርዝር ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሙያ ስያሜን የሚያወጣው ግን ሰው ነው፤ ሰው እንደ መሆኑም ይሳሳታል። የሰያሚው ስሕተት በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ተወስኖ አይቀርም፤ ተርጓሚው ወደ ሥራ መመሪያው፣ መመሪያውም ወደ ሠራተኛው እጅ ያደርሰዋል። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ሂስ የዚህ ዐይነቱን ጉዞ የሚመለከት ነው።

መነሻችን አስተያየት እንድንሰጥበት የተላከልን አንድ ረቂቅ የስያሜ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በአርማታ ውስጥ በተራው ብረት ፈንታ የሚገቡትን፣ ዝገትን በመቋቋም የሚታወቁትን የዘንግ ዐይነቶች በአማርኛ ለመሰየም የተዘጋጀ ሲሆን፣ በዝግጅቱ የቋንቋ ባለሙያዎችም መሐንዲሶችም ተካፍለዋል። ሥራው የሚመሰገንበት ብዙ ነገር አለው። በተለይም አዘጋጆቹ የግንባታ ሠራተኛው ሲሠራባቸው የኖሩትን ቃላት አክብረው መነሣታቸው፣ ከግእዝ ካልተቀዳ ስያሜ የለም ከሚለው የቆየ ልማድ የራቀ በመሆኑ ደስ ያሰኛል።

ቅሬታችን በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ዝርዝሩ በኤፖክሲ የተቀባውን ብረት፣ ዚንክ የለበሰውን ብረት፣ ከክሮምየም ጋር የተቀየጠውን ብረትና ከነጭራሹ ብረት ያልሆነውን የብርጭቆ ቃጫ ዘንግ «የማይዝግ ፌሮ» በሚል አንድ ርእስ ሥር አጠቃልሎ፣ አራቱን በቁጥር ብቻ ይለያቸዋል። አዘጋጆቹ በመግቢያቸው እንደ ገለጹት፣ ይህን ያደረጉት አንባቢው የአራቱን የጋራ ጠባይ በአንድ ቃል እንዲይዝ በማሰብ ነው። እኛ ግን የጋራ ጠባይ ተብሎ የተያዘው ነገር ለአራቱ የጋራ አይደለም፤ ስያሜውም መሸፈን የማይገባውን ይሸፍናል እንላለን።

2. ስለ ነገሩ ጥቂት ቃል

ስያሜውን ከመመርመራችን አስቀድሞ የሚሰየመውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ መሳብን የሚችልበት ዐቅም መጫንን ከሚችልበት ዐቅም አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም በሚሳብበት በኩል ብረት ይገባበታል። ፈረንሳዊው አትክልተኛ ጆዜፍ ሞኒዬ በብረት መረብ ለተጠናከረ የሲሚንቶ የአትክልት ገንዳ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1867 ነበር። አማርኛው «አርማታ» የተወረሰበት የኢጣልያንኛ ቃል ትርጉሙ «የታጠቀ» ማለት ነው፤ ኮንክሪቱ ብረትን ታጥቋልና።

ይህ ትጥቅ በጤናማ ኮንክሪት ውስጥ ሳለ አይዝግም። የኮንክሪቱ እርጥበት የፒኤች ልኬቱ ከ12 የሚበልጥ አልካላይ በመሆኑ በብረቱ ገጽ ላይ ስስ መከላከያ ይፈጠራል። ይሁን እንጂ ከባሕር ውሃ ወይም በበረዶ አገሮች በመንገድ ላይ ከሚነሰነሰው ጨው የሚመጣው ክሎራይድ ሰርጎ ሲደርስ፣ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ገብቶ አልካላይነቱን ሲቀንሰው፣ መከላከያው ይፈርስና ብረቱ መዛግ ይጀምራል። ዝገቱ ከበላው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። እንግዲህ በዝርዝሩ የተሰየሙት ዘንጎች ሁሉ ለዚህ ጥፋት መልስ ይሆናሉ ተብለው የመጡ ናቸው፤ መልሳቸው ግን አንድ ዐይነት አይደለም።

ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ በመንገዷም ላይ ጨው አይነሰነስም፤ ታዲያ ነገሩ ምናችን ነው? የሚል ይኖር ይሆናል። የአፋር ጨዋማ መሬት ለብረት ከባሕር የሚያንስ ጠላት አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም የሌለበት አገር የለም። ከዚህም በላይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ስላሉ፣ በአማርኛ የሚጻፍ መመሪያ አገልግሎቱ በአገር ድንበር የሚወሰን አይደለም።

3. «የማይ-» የሚለው ቅርጽ ምን ይላል?

«የማይዝግ» የሚለው ቃል «ዛገ» ከሚለው ግሥ በአሉታ የተመሠረተ፣ እንደ ቅጽል የሚያገለግል ቃል ነው። በአማርኛ ይህ ቅርጽ ከስም በፊት ሲገባ የአንድን ጊዜ ድርጊት ሳይሆን የነገሩን ቋሚ ባሕርይ ይናገራል። «የማይነጥፍ ምንጭ»፣ «የማይሞት ስም» ስንል መጠን አንለካም፤ ገደብም አናስቀምጥም። ቅርጹ በጠባዩ የተስፋ ቃል ነው።

«የሚቋቋም» የሚለው ግን ከዚህ ይለያል። ቃሉ «ቆመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት መቆማቸውን ያመለክታል። የሚቋቋም ሁሉ የሚቋቋመው አለው፤ የተቋቋመም ሊሸነፍ ይችላል። «በሽታን የሚቋቋም ዘር» የተባለ ገበሬ እርሻውን መጎብኘት አያቆምም፤ «የማይታመም ዘር» ቢባል ግን ሊያቆም ይችላል። በሌሎች ቋንቋዎች በቴክኒክ ጽሑፍ ዝገትን መቋቋም የሚባለው በመጠን የሚለካ ጠባይ ነው፤ ይህን በ«የማይዝግ» መተርጐም መጠኑን አውጥቶ ተስፋውን ብቻ መተው ይሆናል።

እዚህ ላይ ሂሳችን ራሳችንን እንደሚነካ መናገር አለብን። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የሥራ መመሪያ ትርጉም እንድናይ ተጠይቀን ነበር። ተርጓሚው «ዝገትን የሚቋቋም» ብሎ የጻፈውን፣ «የማይዝግ» ቢባል ያጥራል፣ ለጆሮም ይቀላል ብለን ያስለወጥነው እኛው ነን። በኋላ ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ በሄድንበት ቀን አረንጓዴ የኤፖክሲ ቅብ ያላቸው ፌሮዎች መሬት ለመሬት ይጎተቱ ነበር፤ ቅባቸውም በየቦታው ተፍቆ ነበር። መመሪያው የተፋቀው ሁሉ ተመልሶ ይቀባ እንደሚል ለፌራዮዎቹ ኃላፊ አስታወስናቸው። እርሳቸውም፣ «ዶክተር፣ የላዩ ቀለም እኮ ለመለያ ነው፤ ፌሮው የማይዝግ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል» አሉን። መልስ አልነበረንም። ሰውዬው መመሪያውን አላጣመሙትም፤ አማርኛውን በትክክል አንብበውታል።

4. አራቱ ነገሮች በአንዱ ቃል ሲመዘኑ

ከላይ በተገለጸው መሠረት «የማይዝግ» የሚለውን ቃል በዝርዝሩ ከቀረቡት አራት ነገሮች ጋር አንድ በአንድ እናስተያየው።

የመጀመሪያው በኤፖክሲ የተቀባው ብረት ነው። ይህ ተራ ብረት ነው፤ የሚጠብቀውም ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ውፍረት ያለው ቅብ ነው። በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በድልድይ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1973 በፔንሲልቬንያ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እጅግ ተስፋፍቷል። በፍሎሪዳ ደቡባዊ ደሴቶች መካከል በተዘረጉት ታላላቅ የባሕር ድልድዮች ላይ ግን ድልድዮቹ ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ማዕበሉ በሚረጨው የምሰሶዎቹ ክፍል የተቀበረው ቅብ ብረት መዛጉ ተገኝቷል። ቅቡ በተፋቀበትና ከብረቱ በለቀቀበት ሥፍራ ጨው ገብቶበታል። እንግዲህ ለዚህ ብረት «የማይዝግ» የሚለው ስያሜ ሐሰት ነው። ይባስ ብሎም ብረቱን ከዝገት የሚያድነውን ጥንቃቄ ከሠራተኛው እጅ ያስጥላል።

ሁለተኛው ዚንክ የለበሰው ብረት ነው። ይህን አንባቢ ሁሉ ከቤቱ ጣሪያ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ ዚንክ የለበሰ ብረት ነውና። ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል፤ ዚንኩ ባለቀበት ቦታ ግን ብረቱ ይዝጋል። ቆርቆሮ አይዝግም ብሎ የሚከራከር የቤት ባለቤት የለም፤ ይህን የሚያውቅ ተናጋሪ ስለ ፌሮ ሲነገረው ተቃራኒውን እንዲያምን ማድረግ የቋንቋን ልምድ ማፍረስ ነው።

ሦስተኛው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮምየም ያለበት ብረት ነው። በሜክሲኮ፣ በዩካታን ጠረፍ፣ በፕሮግሬሶ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1941 የተሠራው ረጅም የወደብ መድረክ በዚህ ዐይነት ብረት የተጠናከረ ሲሆን፣ ያለ ከባድ ጥገና ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ አገልግሏል፤ ከአጠገቡ በኋላ በተራ ብረት የተሠራው ሌላው መድረክ ግን ፈራርሷል። ለዚህ ብረት «የማይዝግ» የሚለው ቃል ለእውነት የቀረበ ነው። ክሎራይድ እጅግ ሲበዛበት ግን ይህም በነጥብ በነጥብ ሊበላ ይችላል። «የማይዝግ ብረት» በአማርኛ የታወቀ ስም ስለሆነ እንዲነካ አንሻም። ፈረንሳይኛም ጀርመንኛም ይህንኑ ብረት በአሉታ ይሰይሙታል የሚለው የአዘጋጆቹ ማስረጃ ትክክል ነው። ነገር ግን እነዚያ ቋንቋዎች ስሙን ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ሰጥተው ከሌላው ከልክለውታል። እኛ ስሙን ወስደን ለአራት ነገር ካከፋፈልነው ማስረጃው ለእኛ ሳይሆን በእኛ ላይ ይመሰክራል።

አራተኛው የብርጭቆ ቃጫ ዘንግ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን የብርጭቆ ቃጫዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው በሰው ሠራሽ ሙጫ ተያይዘው የሚጠነክሩበት ዘንግ ነው። ብረት የለበትምና ዝገት አያውቀውም፤ ስለዚህ «የማይዝግ» መባሉ እውነት ነው። እውነቱ ግን «የማይዝግ እንጨት» እንደ ማለት ባዶ ነው፤ የዘንጉ ጠላት ዝገት አይደለምና። ብርጭቆን የሚጎዳው ብረቱን ሲጠብቅ የነበረው ያው የኮንክሪቱ አልካላይነት ነው፤ ከዚህ የሚከላከለውም ሙጫው ነው። ዘንጉ ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት ከባድ ጭነት ሲሸከም ከዐቅሙ በታች በሆነ ኀይል ሊበጠስ ይችላል፤ ከፍተኛ ሙቀትም ሙጫውን ያለሰልሰዋል። አንባቢው ስለ ዝገት ብቻ እንዲያስብ ያደረገው ስያሜ ስለነዚህ ሁሉ እንዳይጠይቅ አድርጎታል።

በአጭሩ፣ አንዱ ቃል ለሁለቱ ሐሰት፣ ለሦስተኛው በመጠን እውነት፣ ለአራተኛው ደግሞ ባዶ እውነት ይሆናል። እንዲህ ያለ ቃል የመደብ ስም ሊሆን አይችልም።

5. ፌሮ ወይስ ዘንግ?

በዝርዝሩ አዘጋጆች መካከል የረዘመ ክርክር ያስነሣው ሁለተኛው ጥያቄ፣ የብርጭቆ ቃጫውን «ፌሮ» ማለት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ነው። ተቃዋሚዎቹ «ፌሮ» በኢጣልያንኛ ብረት ማለት ስለሆነ «የብርጭቆ ፌሮ» ማለት «የብርጭቆ ብረት» እንደ ማለት ነው ብለዋል። ይህን መከራከሪያ አንቀበልም። የውሰት ቃል ትርጉም በተዋሰው ቋንቋ ውስጥ ያለው እንጂ ጥሎት የመጣው አይደለም። የአማርኛው «ፌሮ» ማንኛውንም ብረት አያመለክትም፤ ማረሻን ወይም ቢላዋን ፌሮ የሚል የለም። በራሳችን ቃላትም ቢሆን እንዲህ ያለው ሽግግር የተለመደ ነው። «ብር» የወረቀት ገንዘብ ከሆነ ቆይቷል፤ ተማሪው የሚጽፍበት «እርሳስ» እርሳስ የለበትም፤ «የፕላስቲክ ብርጭቆ» ሲባልም የሚደነግጥ የለም። በእነዚህ ምሳሌዎች መሠረት «ፌሮ» ከብረትነት ወደ አገልግሎት ቢሸጋገር የቋንቋ ሕግ አይከለክለውም።

ይሁን እንጂ እኛም በመጨረሻ ከተቃዋሚዎቹ ድምዳሜ ላይ ደርሰናል፤ ምክንያታችን ግን ሌላ ነው። እርሳስ የያዘ ተማሪ ከእርሳሱ የሚጠብቀው መጻፍን ብቻ ስለሆነ የጥንቱ ትርጉም ቀርቷል። «ፌሮ» በሚለው ቃል ውስጥ ግን ብረትነቱ በትርጉም ባይነገርም በሥራው ውስጥ ሕያው ነው። ቃሉ የራሱ ግሦች አሉት፤ ፌሮ ይቈረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል። የፌራዮ ሙያ የተመሠረተው በነዚህ ላይ ነው። የብርጭቆ ቃጫው ዘንግ ግን ሙጫው አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ በሥራ ቦታ አይታጠፍም፤ ስታፋና ማንኛውም መታጠፊያ በፋብሪካ ተሠርቶ መምጣት አለበት፤ በመታጠፊያውም ላይ ዐቅሙ ከቀጥታው ያነሰ ነው። መበየድም አይታሰብም። ክብደቱ የብረት ሩብ ያህል ሲሆን፣ ሲሳብ ከተራው ብረት የበለጠ ኀይል ይችላል፤ ነገር ግን ለእኩል ጭነት ከብረት ይልቅ ሦስትና አራት እጥፍ ይለጠጣል። ብረት ከመበጠሱ በፊት ረዘም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ይህ ግን ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። ስለዚህም በብረት ቀመር አይሰላም፤ የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2022 ለብርጭቆ ቃጫ ዘንግ የተለየ የግንባታ ደንብ አውጥቶለታል።

አንድን ነገር «ፌሮ» ብለን ለፌራዮ ስንሰጠው እነዚያን ግሦች ሁሉ አብረን እንሰጠዋለን። ለዚህ ነው ለቃጫዎቹ «ዘንግ» የሚለውን የመረጥነው። ሠራተኛው ወደ ፊት በራሱ «ፌሮ» ቢለው ልንከለክለው አንችልም፤ ያን ጊዜ ሥራውን ከለመደ በኋላ ስለሚሆን ጉዳቱ ያነሰ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግን ልዩ ስም ልዩ ጥያቄ ያስነሣል፤ «ይህ ደግሞ እንዴት ይታጠፋል?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ስያሜ ሊያደርግ የሚችለው መልካም ነገር ይኸው ነው።

ከዚህም ሌላ በቁሱ የተሰየመ ነገር ዘመዶቹን ለመሰየም ያመቻል። ከቀለጠ የባዛልት ድንጋይ ከሚፈተል ቃጫም፣ ከካርቦን ቃጫም ዘንግ ይሠራል። በረቂቁ አካሄድ እነዚህ «የማይዝግ ፌሮ 5» እና «6» ሊባሉ ነው። የካርቦን ቃጫ ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ እርጥብ በሆነ ኮንክሪት ውስጥ ከተራ ብረት ጋር ከተነካካ የብረቱን ዝገት ያፋጥናል። «የማይዝግ» ተብሎ የተጻፈው ዘንግ ጎረቤቱን የሚያዛግ ከሆነ፣ ቁጥር ለአንባቢው ይህን ሊነግረው አይችልም።

6. ዝገት፣ መበላትና ቤዛ

ረቂቁ የማንኛውንም ብረታ ብረት በኬሚካዊ ምክንያት መጥፋት አንድ ጊዜ «ዝገት»፣ ሌላ ጊዜ «መሸርሸር» ይለዋል። ሁለቱም አያረኩም። «ዝገት» በአማርኛ የብረት ነው፤ ዚንክ ዛገ አይባልም። «መሸርሸር» ደግሞ ውሃና ነፋስ አፈርን ሲጠርጉ የምንለው ስለሆነ የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው። ተናጋሪው ራሱ መልሱን ይዟል፤ «ብረቱን ዝገት በላው»፣ «አሲድ በላው» ይላል። ስለዚህ «መበላት» የሚለው ቃል ለመደቡ፣ «ዝገት» የሚለው ለብረቱ ዐይነት ቢሰጥ፣ ግንኙነቱ ሕዝቡ ከሚናገረው ጋር የተስማማ ይሆናል።

ዚንክ በብረት ፈንታ የሚበላበትን ጥበቃ ረቂቁ «የመሥዋዕትነት ጥበቃ» ይለዋል። ትርጉሙ ይደርሳል፤ ነገር ግን መሥዋዕት ለማን እንደሚቀርብ እንጂ በማን ፈንታ እንደሚጠፋ አይናገርም። በዚህ ፈንታ «ቤዛ» የሚለውን እናቀርባለን። ቃሉ በሃይማኖት ከብሮ የኖረ ስለሆነ ለዚንክ መሰጠቱ ድፍረት ነው የሚሉ እንደሚኖሩ እንገምታለን። እኛ ግን «በሌላው ፈንታ የሚሰጥ» የሚለውን ሐሳብ በአንድ ቃል የሚይዝ ሌላ አላገኘንም፤ የተሻለ ያለው ቢያቀርብ በደስታ እንቀበላለን።

7. በረቂቁ ፈንታ የምናቀርበው

ከላይ በተሰጡት ምክንያቶች «የማይዝግ ፌሮ» የሚለው የመደብ ስም ከዝርዝሩ እንዲወጣና የሚከተሉት እንዲተኩ ሐሳብ እናቀርባለን።

የአርማታ ዘንግ፤ ከማንኛውም ቁስ ቢሠራ፣ ኮንክሪትን ለማጠናከር በውስጡ የሚቀበር ዘንግ ሁሉ።

ፌሮ፤ ከብረት የተሠራ የአርማታ ዘንግ።

ኤፖክሲ ቅብ ፌሮ፤ «ቅብ» የሚለው ቃል ሊፋቅ እንደሚችል በራሱ ስለሚያስታውስ «ሽፋን» ከሚለው ይመረጣል።

ዚንክ ለበስ ፌሮ፤ «ብረት ለበስ» በሚለው የታወቀ ቃል አምሳያ። ዚንኩ የብረቱ ቤዛ ነው።

የማይዝግ ብረት ፌሮ፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮምየም ካለበት ብረት የተሠራ ብቻ። «ብረት» የሚለው ቃል ከመካከሉ እንዳይወጣ ይጠበቅ።

የብርጭቆ ቃጫ ዘንግ፣ የባዛልት ቃጫ ዘንግ፣ የካርቦን ቃጫ ዘንግ፤ በሙጫ ከተያያዙ ቃጫዎች የተሠሩ፣ በሥራ ቦታ የማይታጠፉና የማይበየዱ።

ዝገትን የሚቋቋም፤ የጠባይ መግለጫ እንጂ የነገር ስም ያልሆነ። ተርጓሚው ይህን ሐረግ ባገኘበት ሁሉ ርዝመቱን ፈርቶ «የማይዝግ» ብሎ እንዳያሳጥረው አደራ እንላለን።

ይህን አደራ የምንለው ያሳጠርነው እኛ ስለሆንን ነው። በዚያ የሥራ ቦታ የተፋቁት ፌሮዎች በመጨረሻ ተመልሰው ተቀብተዋል፤ መመሪያውም ታርሟል። ነገር ግን እርማቱ የደረሰው እኛ በአጋጣሚ በቦታው በተገኘንበት ቀን ነው። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ቢሆን ኖሮ ቃሉን ማረም ይቻል ነበር፤ በውስጡ የተቀበረውን ግን አይቻልም።